የድሮ ዲርት ባይክ ሲያስቸግር፦ ካርቡሬተሩን ከመነካካታችሁ በፊት

ዕድሜዬን ሙሉ ከአስፋልት ውጪ ሞተር ሳይክል ስነዳ ኖሬያለሁ። ቆመው የከረሙ አሮጌ ዲርት ባይኮችን ማደስም ከመንዳቱ እኩል እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣችው ያማሃ ዲቲ 1 ወይም የ1973ቷ ሆንዳ ኤልሲኖር እስከ ዛሬ የሚፈለጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለ 250 ሲሲ ቱ ስትሮክ (ፒስተኑ በሁለት ምት ዙሩን የሚጨርስበት) ሞተር ነው ያላቸው። ኮምፒውተር የለም፣ የሚፈታውም ቡሎን ጥቂት ነው። ትዕግስት ያለው ሰው ፈትቶ ሊገጥማቸው ይችላል።

ታዲያ ሞተሩ ባስቸገረ ቁጥር የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ላይ ያርፋል። ጄት (ነዳጁ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን) ይቀየራል፣ ብሎን ይዞራል፣ ለውጥ የለም። ሃምሳ ዓመት ባለፈው ሞተር ላይ ከብረቱ ቀድሞ የሚያረጀው በሞተሩ መገጣጠሚያዎች ላይ ያለው ጎማ ነው። ጎማ ሲደርቅ አየር ይገባል። አየር በማይገባበት በኩል ከገባ ደግሞ የትኛውም የካርቡሬተር ማስተካከያ ልክ አይመጣም። የአየሩን ነገር ሳታጣሩ ጄት አትቀይሩ።

ለዓመታት ቆሞ ነበር፤ አሁን አልነሳ አለ

ለማስነሳት መርገጡን ለጊዜው ተዉት። ካንዴላውን ፍቱና ትንሽ የቱ ስትሮክ ዘይት ሲሊንደሩ ውስጥ ጠብ አድርጉ። ከዚያ ሞተሩን በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። የሲሊንደሩ ግድግዳ ዝጎ ከሆነ በኃይል መርገጥ የፒስተኑን ቀለበቶች ሊሰብር ይችላል።

ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ክፈቱ። ስፖንጁን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጉት። ካረጀ እንደ ደረቀ ኬክ ይፈረፈራል፤ ጣታችሁ ላይም የሚያጣብቅ ቡናማ ብናኝ ይቀራል። ይህን ሳያይ የሚያስነሳ ሰው ያንን ሁሉ ፍርፋሪ ሞተሩን ያስበላዋል። ስፖንጁን ቀይሩ፤ አዲሱን የፊልትሮ ዘይት አጠጡት።

ከዚያ ወደ እሳቱ። አዲስ ካንዴላ ግጠሙና ብልጭታ መኖሩን እዩ። ይህን ስታደርጉ የካንዴላው ቀዳዳ አጠገብ ቤንዚን አይኑር። ብልጭታ ከሌለ ፑንቲናውን፣ ማለትም እየተከፈተ እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ መገናኛ፣ ተመልከቱ። ሲታይ ንጹሕ መስሎ ፊቱ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል፤ ያ ብቻ ኤሌክትሪኩን ለማቋረጥ ይበቃል። በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ሸርሸር አድርጉት፤ በመጨረሻ ንጹሕ ካርቶን በመካከሉ ሳቡበት። ክፍተቱ በብዙዎቹ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ የራሳችሁን ሞተር መመሪያ ግን አረጋግጡ።

ነዳጁ መጨረሻ ይምጣ። አሮጌው ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ይደፋ። ሚኒሞውን (ነዳጅ መስጫው ሳይነካ ሞተሩ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) የምትመግበው ትንሿ ጄት በደረቀ ነዳጅ ትደፈናለች። በሽቦ አትውጓት፤ ነሐሱ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል። ማጽጃ ፈሳሽና የታመቀ አየር ይበቃታል።

ነዳጅ መስጫውን ለቀቅኩ፤ ሞተሩ ግን አልወርድ አለ

ይህ ምልክት ቀላል ይመስላል። ግን ሞተር የሚገድል ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። እጃችሁን ስትለቁ ድምፁ ቶሎ መውረድ ሲገባው ተንጠልጥሎ ይቆያል። ሚኒሞው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ካንዴላው ነጣ ብሎ ይወጣል። ትርጉሙ ከነዳጁ አየሩ በዝቷል ማለት ነው።

ቱ ስትሮክ ላይ ክራንክ ሻፍቱ ያለበት ክፍል ራሱ ፓምፕ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ድብልቁን ይስባል፣ ሲወርድ ወደ ላይ ይገፋዋል። ክፍሉ እንዳያስተነፍስ በሁለቱ የሻፍቱ ጫፎች ላይ ኦይል ሲል የሚባል የጎማ ቀለበት አለ። ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው ማግኔት በኩል ያለው ከደረቀ ንጹሕ አየር ይሳባል። ነዳጅ ሲያንስ ሙቀት ይጨምራል፤ ከነዳጁ ጋር የሚመጣው ማለስለሻ ዘይትም አብሮ ያንሳል። መጨረሻው የነከሰ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የተጣበቀ፣ ፒስተን ነው።

መጀመሪያ ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘውን ጎማ አጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ከሌለ የግፊት ፍተሻ አድርጉ። ካርቡሬተሩንና ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) አውጡና ሁለቱን ቀዳዳዎች በጎማ ድፈኑ። ካንዴላው በቦታው ይሁን። በአንደኛው ድፍን በኩል በገባ ቱቦ አየር ስጡ። ግፊቱ ወደ 6 ፒኤስአይ ገደማ፣ ማለትም 0.4 ባር ያህል ይሁን፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ሲሉን ራሱን ሊያስወጣው ይችላል። የደም ግፊት መለኪያ ፓምፕም ይሠራል፤ 300 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ላይ ሲደርስ ልኩ እዚያው አካባቢ ነው። በደቂቃ ከ1 ፒኤስአይ በላይ ከወረደ የሚያስተነፍስ ቦታ አለ። የሳሙና ውኃ ቀቡና አረፋ የሚሠራውን ፈልጉ፦ ማግኔቱ ጀርባ፣ ሲሊንደሩ ሥር፣ የካርቡሬተሩ ጎማ ዙሪያ። ፒስተኑ ራሱ የመግቢያውን ቀዳዳ ሊዘጋ ስለሚችል ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ ደጋግሙት።

አንዳንዶች ሞተሩን አስነስተው ተቀጣጣይ ማጽጃ እየነፉ ቀዳዳውን ይፈልጋሉ። እኔ አልመክረውም። የጋለ ሞተር ላይ ተቀጣጣይ ነገር መንፋት እሳት መጋበዝ ነው።

መፍትሄው ሁለቱንም ሲሎች መቀየር ነው። አንዱ ከደረቀ ሌላውም በዚያው ዕድሜ ላይ ነው። አዲሱን ስትገጥሙ ከንፈሩን በዘይት ወይም በግራሶ ቀቡት።

ነጭ ወፍራም ጭስ አለ፤ የካምቢዮ ዘይትም እየጎደለ ነው

ይህኛው በፍሪሲዮኑ በኩል፣ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጎን ያለው ሲል ነው። ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ያቃጥላል፤ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል። የቤንዚኑን ዘይት መቀነስ አያድነውም፤ እንዲያውም ፒስተኑን ይጎዳል። የካምቢዮውን ዘይት ለክታችሁ ሙሉትና ጥቂት ነድታችሁ እንደገና ለኩ። ከጎደለና ወደ ውጪ የሚንጠባጠብ ነገር ከሌለ ነገሩ ታውቋል።

ሲቀዘቅዝ ጥሩ ይሄዳል፤ ሲግል ይጠፋል

ሁለት ፍጹም የተለያዩ ምክንያቶች አንድ ምልክት ያሳያሉ። ስለዚህ በጠፋበት ቅጽበት፣ ሳይቀዘቅዝ ፈትሹ። በመጀመሪያ የነዳጅ ታንከሩን ክዳን ከፈት አድርጉ። ፉት የሚል የአየር ድምፅ ከሰማችሁና ሞተሩ ትንሽ ቆይቶ ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል፤ አጽዱት። ድምፅ ከሌለ ብልጭታውን እዩ። ጠፍቶ ከነበረና ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ የብልጭታውን ኃይል የሚያሳድገው ቦቢና ወይም ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀው ኮንደንሰር ሙቀት አልቻለም። ፑንቲናው ላይ ደማቅ ብልጭታ እየዘለለ ፊቱን የሚያቃጥለው ከሆነ ከኮንደንሰሩ ጀምሩ፤ ርካሹም እሱ ነው።

ፒስተኑ ነከሰ

አዲስ ከመግጠማችሁ በፊት አሮጌውን አንብቡት። ዙሪያውን አራት ቦታ ላይ ከተጫረ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሳይሞቅ ተጨንቋል፣ ወይም በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ጠቧል። በካርቡሬተሩ በኩል ያለው ጎን ፈዞ ግራጫ ከሆነና ቀጫጭን ቁም መስመሮች ከታዩበት አቧራ ገብቷል፤ ወደ ፊልትሮው ተመለሱ። ምክንያቱን ሳያገኙ የገጠሙት ፒስተን መልሶ ይነክሳል።

ማርሽ ሲገባ ወደ ፊት ይዘላል

ለረጅም ጊዜ ሲቆም የፍሪሲዮን ዲስኮች ይጣበቃሉ። ፈትታችሁ አላቋቸው፣ አጽዷቸው፣ ዘይት አጠጥታችሁ ግጠሙ። ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ ዘይቱን ጠርጥሩ፤ ግጭት ቀናሽ ያለበት የመኪና ዘይት ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን አይሆንም።

መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ፍሬኑም ደካማ ነው

የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱና ሹካውን ከታች ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት። ቀጭ የሚል ነገር ከተሰማችሁ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል ወይም አልቋል። ራጂዎቹንም አንድ በአንድ በካቻቢቴ ነካ ነካ አድርጉ፤ የላላው ድምፁ የደነዘዘ ነው።

የታምቡር ፍሬን ውኃ ሲገባው ይዳከማል፤ ቀለል አድርጎ እየያዙ መንዳት ያደርቀዋል። ደርቆም ካልያዘ ክፈቱት። የድሮ የፍሬን ሸራ ከብረቱ ጋር የተያያዘው በአብዛኛው በማጣበቂያ ነው፤ ማጣበቂያው ካረጀ ሸራው ተገንጥሎ ጎማውን በአንዴ ሊቆልፈው ይችላል። ጠርዙን በጥፍራችሁ ሞክሩት። ትንሽ እንኳ ብድግ ካለ ሁለቱንም ሸራዎች ቀይሩ እንጂ ለአንድ ዙር ብላችሁ አትንዱ። ስትከፍቱት አቧራውን በአየር አትንፉ፤ የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።