ከጅማ ወደ ወንጪ፦ የአራት ቀን የበጎ ፈቃድና የእግር ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

መጀመሪያ በተራራ አናት ላይ ሐይቅ ወዳላት ወደ ወንጪ ስንሄድ ከጅማ የቡናና የአቮካዶ ችግኝ ጭነን ነበር። ጥሩ ስጦታ የያዝን መስሎን ነበር። አንዲት እናት ችግኞቹን አገላብጠው አዩና «ልጆቼ፣ እዚህ እኮ ውርጭ አለ» አሉን። ቡና የጅማን ዓይነት ወይና ደጋ ይወዳል። የወንጪ አፋፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የሚያምርበት እንሰት፣ ገብስ፣ ኮሶና አስታ ነው። ችግኞቹን ስንመለስ ወሊሶ ላይ ለሰው ሰጠናቸው።

ከዚያ በኋላ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይዘን ነው የምንሄደው።

መጀመሪያ ስልክ፣ ከዚያ ዕቅድ

ምን እንደምትሠሩ ከመወሰናችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። የወንጪ ወረዳ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ነው ያለው። በወረዳው ግብርናና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች በኩል የቀበሌውን ሰዎች ማግኘት ይቻላል። የአስጎብኚዎቹንና የባለ ፈረሶቹን ማኅበርም ጠይቁ። ከጅማ የሚነሳ ቡድን ኦሮምኛ የሚችል ሰው ስለማያጣ ንግግሩ አይከብድም።

አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «ይህን ሥራ በክፍያ የሚሠራ ሰው አለ?» ካለ ተዉት። ሻንጣ መሸከም፣ መንገድ መምራት፣ ፈረስ መሳብ፣ ጀልባ መቅዘፍ ለወንጪ ወጣት እንጀራው ነው። እናንተ በነጻ ስትሠሩት በጎ አልሠራችሁም፤ ገቢውን ነው የወሰዳችሁት። ለእነዚህ ሥራዎች ክፈሉ። ጉልበታችሁን ከፋይ ለሌለው ሥራ አውሉት።

ወሩን ምረጡ

አብዛኛው ሰው በጎ ፈቃድ ሲባል ሐምሌ ላይ ችግኝ መትከል ነው የሚታየው። የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ ክረምት ላይ የሚተክል እጅ አይጠፋም። የሚጠፋው ጥቅምት ላይ ነው። ዝናቡ ያበቃል፣ አረሙ ችግኙን ይውጠዋል፣ ከብቱ ይለቀቃል። ሐምሌ የተተከለው የሚሞተው ያኔ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር ጥቅምት ላይ ሄዳችሁ የተተከለውን እንድትንከባከቡ ነው። ሐምሌ ላይ ጉሙ ሐይቁን ይጋርደዋል፣ ጭቃውም ቁልቁለቱን አደገኛ ያደርገዋል። ጥቅምት ላይ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል።

ቀኑን ስትቆርጡ የበዓላትን ነገር አጣሩ። በዓል ላይ ከወደቃችሁ አብሯችሁ አፈር የሚቆፍር ገበሬ አታገኙም። የገበያ ቀንም እንዲሁ።

ሰውና ገንዘብ

ከ10 እስከ 12 ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ማደሪያውም ሥራውም ይጨናነቃል። መዋጮውን ቀድማችሁ ሰብስቡ፤ ገንዘብ ያዡ አንድ ሰው ይሁን። የአስጎብኚ፣ የፈረስና የጀልባ ክፍያ ለብቻው ተቀምጦ ይሂድ። መንገድ ላይ የሚነካ አይደለም።

ከቀበሌያችሁ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉ። መታወቂያ ሁሉም ይያዝ። የመንገዱን ፀጥታ ደግሞ ከመነሻው ዋዜማ መናኸሪያ ሄዳችሁ ሹፌሮቹን ጠይቁ። ጥሩ ነው ካላሉ ጉዞው ይራዘም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

መንገዱ

ዓርብ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ከጅማ ወሊሶ 235 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በአሰንዳቦና በሰኮሩ አድርጎ ወደ ግቤ በረሃ ይወርዳል፣ ከድልድዩ በኋላ ወደ ወልቂጤ ይወጣል። ወሊሶ ላይ ወደ ሰሜን ታጥፋችሁ ሽቅብ ነው። ሚኒባስ በኮንትራት መያዝ ይሻላል፤ በአውቶቡስ ከሄዳችሁ ወሊሶ ወርዳችሁ ሌላ መኪና መፈለግ ይመጣል። ግቤ ላይ በሙቀት ጃኬት ያወለቀ ሰው ማታ ወንጪ ላይ ጋቢ ላይ ጋቢ ይደርባል። ልብሳችሁን በዚያ ልክ አዘጋጁ፦ ወፍራም ጃኬት፣ ጋቢ፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ባትሪ።

ስንቅ ቀላል ይሁን። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ከጅማ የሚነሳ ቡድን ሙስሊምም ክርስቲያንም ያለበት ነው። የጾም ምግብ ከያዛችሁ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል፣ የሥጋ ጥያቄም አይነሳም። ለምታርፉበት ቤት ደግሞ ጥሬ ቡና ያዙ። ከጅማ ቡና ሳይዙ መሄድ ነውር ነው።

ስለ እሳተ ገሞራው

ኅዳር 2018 ላይ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ከፈነዳ ወዲህ ወላጆች «እሳተ ገሞራ» ሲባሉ ይደነግጣሉ። ቤተሰቦቻችሁን አረጋጉ። ወንጪ በጥንት ዘመን ፈንድቶ ሆዱ ባዶ ሲሆን አናቱ ወደ ውስጥ የተደረመሰ ተራራ ነው። ሐይቁ የተኛው በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ከሥር ሙቀት እንዳለ የሚያስታውሳችሁ ከመሬት የሚፈልቀው ፍል ውሃ ነው። የጅማም ቀይ አፈር ቢሆን ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ነው፤ ቡናችን የበቀለው በዚያ ላይ ነው።

ቅዳሜ፦ ሥራው

ጠዋት ቀድማችሁ ጀምሩ፣ ግን ቀስ በሉ። ከፍታውን ያለመደ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ትንፋሹም ቶሎ ያጥረዋል። ውሃ ደጋግማችሁ ጠጡ።

በእያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል አረሙን ንቀሉ። ከግንዱ አጠገብ በዶማ አትቆፍሩ፤ ሥሩ ገና ላይ ላዩን ነው፣ በእጅ ይነቀል። ከዚያ አፈሩን ወደ ጎድጓዳ ሳህን ቅርጽ አስተካክሉ። ቁልቁለት ላይ ከሆነ የታችኛውን ጠርዝ ከፍ አድርጉ፣ የሚመጣ ጠብታ እንዲቆም። በላዩ ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ። ይህ እርጥበቱን ይይዛል። ሣሩ ግን ግንዱን አይንካ፤ ከነካው ያበሰብሰዋል። የፕላስቲክ ከረጢቱ ሳይወልቅ የተተከለ ካገኛችሁ አብሯችሁ ላለው ገበሬ አሳዩት። እኛ ብዙ ጊዜ አግኝተናል፤ ሥሩ ታፍኖ ነው የሚደርቀው።

የመጨረሻው ሥራ አጥር ነው። እሾሁን ከየት እንደምትቆርጡ ባለ መሬቱ ያሳያችሁ። የሰው ቁጥቋጦ ቆርጣችሁ የሰው ዛፍ ማጠር አይሆንም። የቆዳ ጓንት ከጅማ ግዙ።

እሑድ፦ ሐይቁ

ይህ ቀን የእናንተ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ የመረጣት በከንቱ አይደለም። በእግር ወደ ሐይቁ ውረዱ፣ በጀልባ ወደ ቂርቆስ ገዳም ተሻገሩ። ገዳሙ ግቢ ጫማ ይወልቃል፣ ፎቶም ሳያስፈቅዱ አይነሳም። ከዚያ ወደ ፍል ውሃው ሂዱ።

መውረዱ ቀላል ነው። ፈተናው መውጫው ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አስቀድሞ ፈረስ ይያዝ፤ ማኅበሩ ፈረሶቹን በተራ ስለሚያሰማራ ተራ የደረሰውን ፈረስ ውሰዱ፣ የሚያምረውን አትምረጡ። ተራውን ሲጠብቅ የዋለ ሰው አለ። ለመውጫው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያዙ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ይከብዳልና ከ11 ሰዓት በፊት አፋፉ ላይ ሁኑ። ቆሻሻችሁን በሙሉ ይዛችሁ ውጡ፤ በመንገድ ያገኛችሁትን የውሃ ላስቲክም ጨምሩበት።

ሰኞ ወደ ጅማ

በሌሊት አትንዱ። ሰኞ ጠዋት ከተነሳችሁ በቀን ጅማ ትገባላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የተንከባከባችኋቸውን ችግኞች ቁጥር ጻፉና የባለ መሬቱን ስልክ ተቀበሉ።

መጋቢት ላይ፣ ድርቁ ሲበረታ፣ ደውሉ። ስንቱ ቆሟል? ካነሰ ምክንያቱን ጠይቁ፦ ከብት በላው፣ ውርጭ መታው ወይስ ውሃ ጠማው? በሚቀጥለው ጥቅምት መኪናው ላይ የአጥር ሽቦ ነው ወይስ ውሃ ማጠጫ የምትጭኑት የሚለው ከዚያ ስልክ በኋላ ይወሰናል።