በአሜሪካ የወንጀል ተጎጂ ለሆነ ሰው ስቴቱ የሚከፍለው ካሳ

አንድ የማውቀው ልጅ አለ። አሜሪካ በገባ በሰባተኛ ወሩ ነው፣ ሌሊት ከሥራ ሲወጣ ሦስት ጎረምሶች የደበደቡት። መንጋጋው ተሰበረ። ስልኩንና ቦርሳውን ወሰዱበት። ከወር በኋላ ልጠይቀው ቤቱ ስሄድ ከፍሪጁ ላይ አንድ ፌስታል አወረደ። ያልተከፈተ ፖስታ ሞልቶታል። አንዱ ከአምቡላንሱ የመጣ ነው። አንዱ ከሆስፒታሉ። አንዱን ድንገተኛ ክፍል ያየው ዶክተር ለብቻው ልኮታል። ሌላው ራጁን ካነበበው ሐኪም ነው፤ ልጁ ዓይኑን እንኳ አይቶት አያውቅም። «የተመታሁት እኔ፣ ከፋዩም እኔ?» አለኝ።

ስቴቱ ካሳ እንደሚከፍል ስነግረው ለማጽናናት የፈጠርኩት መሰለው። ከእኛ ሰው ብዙው አያውቀውም፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ይህ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ «ክራይም ቪክቲምስ ኮምፐንሴሽን» ይባላል። ስትጠይቁ ይህንኑ ስም በሉ። መጀመሪያ የጀመረችው ካሊፎርኒያ ናት፣ በ1965 እ.ኤ.አ.። ዛሬ በ50ውም ስቴቶችና በዋሽንግተን ዲሲ አለ። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣ የፌዴራል ሕግ ደግሞ ለስቴቶቹ ድጎማ የሚሰጥ ፈንድ አቋቋመ። የፈንዱ ገንዘብ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከተፈረደባቸው ሰዎችና ድርጅቶች ቅጣት የሚሰበሰብ ነው። ስለዚህ ምጽዋት እየለመናችሁ እንደሆነ አይሰማችሁ። ለእናንተ ተብሎ የተቀመጠ ነው።

የሚከፍለው በዋናነት የሕክምና ወጪ፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ ከሥራ በመቅረታችሁ ያጣችሁትን ደመወዝ፣ ሰው ከሞተ ደግሞ የቀብር ወጪና በሟቹ ይተዳደር ለነበረ ቤተሰብ ድጋፍ ነው። አንዳንድ ስቴት ቤት ለመቀየርም ይረዳል። የተሰረቀ ዕቃና ገንዘብ ግን በአብዛኛው አይተካም። ጣሪያም አለው፦ ቴክሳስ በመደበኛው እስከ 50,000 ዶላር ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ካሳው የመጨረሻ ከፋይ ነው። ኢንሹራንስ ወይም ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የሕክምና ኢንሹራንስ) ካላችሁ መጀመሪያ እነሱ ይከፍላሉ። ሥራ ላይ እያላችሁ ከተጎዳችሁ የአሠሪው የሠራተኛ ኢንሹራንስ ይቀድማል። የቀረውን ነው ስቴቱ የሚያየው። በኋላ ጥፋተኛውን ከሳችሁ ገንዘብ ካገኛችሁም ለስቴቱ መመለስ ይኖርባችኋል።

ሰዎቻችን ሳያመለክቱ የሚቀሩት ገና በራሳቸው ግምት ነው። «የመታኝ ሰው አልተያዘም» ይላሉ። ባይያዝም፣ ባይፈረድበትም ማመልከት ይቻላል። «ዜጋ አይደለሁም» ይላሉ። ዜግነት ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ ካሊፎርኒያን የመሰሉ ስቴቶች የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ውስጥ አይገቡም። የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁ ገና ካላለቀ ግን ከማመልከታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ፎርም ሞልቶ የሚያስከፍል ሰው ሳይሆን ፈቃድ ያለው ጠበቃ። ለከባድ ወንጀል ተጎጂዎች የሚሰጥ «ዩ ቪዛ» የሚባል ነገርም አለ፤ እሱ ከካሳው የተለየ ነው፣ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ የሚፈርምበት ወረቀት ይፈልጋል፣ በዓመት ለ10,000 ዋና አመልካቾች ብቻ ስለሚሰጥ ወረፋው ረጅም ነው።

ሌላው የሚያሳዝነኝ የቤት ውስጥ ጥቃት ነው። የተደበደበች ሴት «ባሌ ስለሆነ ይህ እኔን አይመለከትም» ብላ ትተወዋለች። ይመለከታታል። የደበደባት ባሏ መሆኑ ወይም አብረው መኖራቸው ብቻውን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። ሽማግሌ ይገባል፣ ገመና ይሸፈን ይባላል፣ ወራት ያልፋሉ። በዚህ መሀል የማመልከቻው ጊዜ ይሄዳል፣ የሕክምናው ሒሳብም ወደ «ኮሌክሽን»፣ ማለትም ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት፣ ይተላለፋል። ሽምግልናውን የፈለገ ይቀጥል፤ እሷ ግን የሐኪም ወረቀቷን ትያዝ። በብሔራዊው የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር 1-800-799-7233 ሌሊትም ቀንም ሰው አለ። የተደፈረ ሰው ደግሞ ለማስረጃ የሚደረገውን ምርመራ በነጻ ያገኛል፤ ለዚህ ፖሊስ ጋ ማመልከት ግድ አይደለም።

በሌላው ጉዳይ ግን ብዙ ስቴቶች ለፖሊስ ቶሎ እንድታሳውቁና በምርመራው እንድትተባበሩ ይፈልጋሉ። ፖሊስ ሲመጣ የሪፖርቱን ቁጥር ሳትይዙ አትለያዩ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቋንቋ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በስልክ ያገናኛሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስፈላጊ ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እባካችሁ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። አባቱ እንዴት እንደተደበደበ ልጅ መናገር የለበትም።

የምታመለክቱት በምትኖሩበት ሳይሆን ወንጀሉ በተፈጸመበት ስቴት ነው። ቢሮው በየቦታው ይለያያል። ቴክሳስ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሥር ነው፣ ዋሽንግተን ስቴት በሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ዲሲ በፍርድ ቤቱ። ጊዜውም እንዲሁ፦ ካሊፎርኒያ 7 ዓመት ስትሰጥ ቴክሳስ 3 ዓመት ነው፣ ከዚያም የሚያሳጥር አለ። የት እንደምትጀምሩ ከጠፋችሁ ወደ ወንጀል ተጎጂዎች ብሔራዊ መስመር 1-855-484-2846 ደውሉ፣ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ወይም ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄዳችሁ «ቪክቲም አድቮኬት» (ተጎጂዎችን የምትረዳ ሠራተኛ) አለች ወይ በሉ። ሥራዋ ይኸው ነው፣ ፎርሙን አብራችሁ ትሞላለች፣ አታስከፍልም።

ውሳኔው ወራት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ ለሆስፒታሉ የሒሳብ ክፍል ደውላችሁ ማመልከታችሁን ንገሩ፣ የማመልከቻውን ቁጥር ስጧቸው፣ እንዲታገሷችሁ ጠይቁ። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ከሆነ አቅም ለሌለው ሰው የሒሳብ ቅናሽ መመሪያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል። እሱንም ጠይቁ።

ስለ ቀብርም አንድ ነገር። እኛ ሐዘን ሲደርስ ተረባርበን በጥሬ ገንዘብ እንከፍላለን። ደግ ነገር ነው። ግን ማን እንደከፈለ የሚያሳይ ደረሰኝ ካልተያዘ ቤተሰቡ በኋላ ምንም ማስመለስ አይችልም። ከቀብር ቤቱ ጋር የሚነጋገረው ሰው ደረሰኝ በስሙ ይቀበል።

ያ ልጅ መጀመሪያ ያጣውን ደመወዝ ከለከሉት። ደብዳቤውን ይዞ መጣ፣ ፊቱ ጠቁሯል። አብረን አነበብነው። የጎደለው ሥራ መቅረቱን የሚያረጋግጥ የአሠሪውና የሐኪሙ ወረቀት ነበር። ይግባኝ የሚባልበት ቀን ከገጹ ግርጌ ተጽፏል። ሁለቱን ወረቀቶች አምጥቶ ላከ። ከሦስት ወር በኋላ የስድስት ሳምንት ደመወዙን የያዘው ቼክ ቤቱ ደረሰ። የስልኩን አልከፈሉትም።