ኤልደን ሪንግ ላይ እንዴት መከላከል ይቻላል? ከማርጊት በፊት የሚለመዱ ነገሮች

አብዛኛው የኤልደን ሪንግ ጀማሪ ስቶርምቬል ቤተመንግሥት መግቢያ ላይ ማርጊት ከሚባለው ኃይለኛ ጠላት ጋር ይፋጠጣል። ጌሙን ስለመተው ማሰብ የሚጀመረውም እዚያው ነው። ችግሩ የሌቭል ማነስ ይመስላል። እኔ ግን የጣት ችኮላ ነው ባይ ነኝ።

ፊፋ ላይ ያደገ ጣት ደግሞ ይብስበታል። ፕሌይስቴሽን ላይ ኳስ ለመንጠቅ የምንደበድባት ክቧ በተን እዚህ የመንከባለያ በተን ናት። እዚህ ግን መደብደብ ያስገድላል።

1. ክብደታችሁን እዩ

ሜኑ ውስጥ ኢኩዊፕ ሎድ የሚል ቁጥር አለ። የለበሳችሁትና የታጠቃችሁት ከአቅማችሁ 30 በመቶ በታች ከሆነ ቀላል ናችሁ። እስከ 70 በመቶ ድረስ መካከለኛ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ግንድ ነው የምትንከባለሉት። ከ100 ካለፈ ጭራሽ መንከባለል የለም። ለጀማሪ መካከለኛው ይበቃል። የሚያምር ጥሩር አግኝታችሁ 71 በመቶ ላይ ከደረሳችሁ የራስ ቁሩን አውልቁ። ያስቃል እንጂ አይገድልም።

2. የሚለማመዱበት ጠላት ፈልጉ

መጀመሪያ ያላችሁን ሩን (የጌሙን ገንዘብ) በሙሉ ሌቭል ለመጨመር ወይም ዕቃ ለመግዛት አውጡት። ስትሞቱ መሬት ላይ የሚቀረው እሱ ነው። የሚጠፋ ነገር ከሌለ ጣትም ይረጋጋል። ከዚያ ጌሙ በሚጀምርበት ሊምግሬቭ ውስጥ ወዳለው የጌትፍሮንት ፍርስራሽ ሂዱና ከጓደኞቹ ነጠል ያለ ወታደር ፈልጉ። ቢሞትባችሁም ግሬስ (ማረፊያ ቦታ) ላይ ስታርፉ ተመልሶ ይመጣል።

ሰይፋችሁን ለጊዜው እርሱት። ዙሪያውን እየዞራችሁ ክንዱን ብቻ ተመልከቱ። መቼ ያነሳል? መቼ ያወርዳል? ስንት ጊዜ አከታትሎ ይመታል? ይሄ አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

3. መንከባለል

ስትንከባለሉ መጀመሪያ ላይ ምንም የማይነካችሁ አጭር ቅጽበት አለች። ከግማሽ ሰከንድ ታንሳለች። ስለዚህ መንከባለል ያለባችሁ መሣሪያው ሲነሳ ሳይሆን ሊያርፍባችሁ ሲል ነው። ጀማሪ የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ አይደለም፤ ቀድሞ ተንከባልሎ ሲነሳ ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይላት አንድ ነገር አለች። ክቧን ተጭናችሁ ከያዛችኋት መሮጥ ትሆናለች። ስለዚህ ጌሙ የሚያንከባልላችሁ በተኗን ስትለቋት ነው። ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ካቆያችሁ ትዘገያላችሁ። ነካ፣ ለቀቅ።

ሌላው ጣጣ ጌሙ ትእዛዝ ማስታወሱ ነው። በመሃል ደጋግማችሁ ከነካችሁ፣ የመጀመሪያው ሲያልቅ ያልፈለጋችሁት ሁለተኛ መንከባለል ይከተላል። በፍርሃት አራት ጊዜ ተንከባልሎ ስታሚናውን (የትንፋሽ አቅሙን) ጨርሶ የሚሞተው ሰው እንዲህ ነው የሚያልቀው።

አቅጣጫስ? ወደ ኋላ መሸሽ ደመነፍስ ነው። ነገር ግን የማርጊት ምርኩዝ ረጅም ናት፣ ትደርስባችኋለች። ወደ ጎን ወይም በክንዱ ስር ወደ ፊት ግቡ። ከኋላው ስትወጡ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለመምታት ጊዜ ታገኛላችሁ። ሦስተኛውን አትመኙ።

ማርጊት ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ምርኩዙን ከፍ አድርጎ ይይዝና ቆም ይላል። ያቺ መቆም የተሠራችው እናንተን ለማሸበር ነው። ክንዱ መውረድ እስኪጀምር ጣታችሁን ያዙት።

መሬት ለመሬት የሚጠርግ ምት ሲመጣ መዝለልም ይሠራል።

4. ጋሻ

አንዳንድ ተጫዋቾች ጋሻ የያዘን ሰው ይንቃሉ። አትስሟቸው። ቫጋቦንድ የሚባለውን ገጸ ባሕሪ መርጣችሁ ከጀመራችሁ የያዛችሁት ሂተር ሺልድ ተራ የሰይፍና የዱላ ጉዳትን 100 በመቶ ይመክታል። እሳትና አስማት ግን በከፊል ያልፉታል። ኤል1ን ይዛችሁ ስትመክቱ የሚከፍለው ስታሚናችሁ ነው፤ ካለቀ መከላከያችሁ ተሰብሮ ተገትራችሁ ትቀራላችሁ። ጋሻ አንስታችሁ ስትዞሩ ስታሚና ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። ምት በሌለበት ጋሻውን አውርዱት።

የጋሻ ትልቁ ጥቅም ጋርድ ካውንተር ነው። ምቱን መክታችሁ ወዲያው አር2ን ተጫኑ። ገጸ ባሕሪያችሁ በኃይል ይመልሳል። ይህ ሲደጋገም ጠላት ሚዛኑ ይሰበርና ይንበረከካል። ያኔ ጠጋ ብላችሁ አር1 ስትነኩ ከባድ ጉዳት ታደርሳላችሁ። ሰይፍ በያዙ ባላባቶች ላይ ከዚህ የተሻለ ለጀማሪ የሚሆን ዘዴ አላየሁም።

5. ፓሪ

ፓሪ ማለት የጠላትን ምት በሰዓቱ ገፍቶ ማክሸፍ ነው። ባንዲት የሚባለው ገጸ ባሕሪ ሲጀምር የሚይዛት በክለር የምትባል ትንሽ ጋሻ ለዚህ ጥሩ ናት። ምቱ ሊደርስ ሲል ኤል2። ከተሳካ ጠላት ይከፈትላችኋል፤ ከሳታችሁ ሙሉውን ትቀበላላችሁ። ድራጎንና መሰል ግዙፍ ፍጥረታት ላይ አይሠራም። ለመጀመሪያው ሳምንት ብትተዉት ምንም አይቀርባችሁም። በ2019 የወጣው ሴኪሮ የሚባለው ጌም ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ሰይፍን በሰይፍ በሰዓቱ መመለስ የጌሙ ዋና ሥራ ነው፣ ሁሌ መሸሽ የለመደ ሰው ይቸገራል።

6. መድኃኒት የሚጠጣበት ሰዓት

ደም ሲያንስ ሮጦ ርቆ መጠጣት ብልሃት ይመስላል። ማርጊት ግን ከርቀት ስትጠጡ ካያችሁ የብርሃን ጩቤ ይወረውራል። የሚሻለው የተከታታይ ምቱን መጨረሻ ጠብቆ፣ እሱ ራሱን ሲያስተካክል መጠጣት ነው። ወይም ጩቤዋን በመንከባለል አሳልፏትና ጠጡ። አንዴ ጠጥታችሁ ዓይናችሁን ወደ ክንዱ መልሱ። ሁለተኛውን ለሚቀጥለው ክፍተት አቆዩት።