ካሊፎርኒያ ውስጥ በቦርድ ለምታገለግሉ፦ ኢሜይሉን ለሁሉም አትመልሱ

የትምህርት ቦርድ ወይም የከተማ ኮሚሽን አባል ከሆናችሁ ይቺን ያዙ። የ1953ቱ የብራውን ሕግ አብላጫው አባል ስለ ቦርዱ ጉዳይ ከስብሰባ ውጭ እንዲመክር አይፈቅድም። ለዚህ የግድ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አያስፈልግም፤ ለሁሉም የሚመለስ ኢሜይልም እንደ ምክክር ሊቆጠር ይችላል። አምስት አባል ባለው ቦርድ አንዱ ለሁለተኛው ደውሎ፣ ሁለተኛው ደግሞ የተባባሉትን ለሦስተኛው ካቀበለ ሕገወጥ ስብሰባ ተካሄደ ማለት ነው። ቡና ላይ ለሁለት ማውራት አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም፤ ጣጣው ወሬው ሦስተኛ ጆሮ ሲገባ ነው። የምታካፍሉት ሰነድ ካለ ለጸሐፊው ላኩ፣ እሱ ይበትነው፤ አስተያየታችሁን ግን ለስብሰባው አቆዩት። (ዕድራችን በዚህ ሕግ አይገዛም፤ እዚያ እንደልባችሁ!)

የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት፣ የልዩ ስብሰባ ከ24 ሰዓት በፊት ይለጠፋል። ነዋሪ አጀንዳ ላይ የሌለ ነገር ቢያነሳ አጭር ማብራሪያ ጠይቁ ወይም ለሚቀጥለው ይያዝ በሉ እንጂ ወደ ክርክርና ውሳኔ አትግቡ።

ለእኛ ሰው በጣም የሚጠቅመው ደግሞ ይሄ ነው፦ የመናገሪያ ጊዜ ሲገደብ፣ በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው ቢያንስ እጥፍ ይሰጠዋል። ለሌላው ሁለት ደቂቃ ከሆነ ለእሱ አራት፤ ትርጉሙ በመሣሪያ ከንግግሩ ጋር እኩል የሚሰማ ካልሆነ በቀር። አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሰዓት መቁጠር ከመጀመሩ በፊት ለሰብሳቢው ንገሩት።