የክሩዝ ኮንትሮል ካቦ እንዴት ይፈታል?

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ለሚመላለስ ሾፌር ክሩዝ ኮንትሮል፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ መኪናውን በአንድ ፍጥነት የሚያስኬደው መሣሪያ፣ ብዙም አይጠቅምም። ከጣርማ በር በኋላ ቁልቁለቱን የሚያወርደው ማርሽ መቀነስ ነው። የቆየ ካቦ ክሩ ተበጣጥሶ ስሮትሉን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋውን በር) ከፍቶ የያዘ ዕለት ግን ጉድ ይፈላል፤ እንዲህ ያለው ይፈታ።

አዲስና ነዳጅ መስጫው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ መኪና ላይ ይህን ካቦ አያገኙትም።

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው የእጅ ፍሬን ይያዙ። ሞተሩ ሲበርድ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። በማለዳ ብርድ ግን አይጀምሩ፤ ያረጀ የፕላስቲክ ክሊፕ ቀዝቅዞ ሲነካ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ፀሐይ ትውጣ።

ኮፈኑን ከፍተው ስሮትሉን ይፈልጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጎን ለጎን ሁለት ካቦ ያያሉ። ከሾፌሩ እግር በኩል የሚመጣው የነዳጅ ፔዳሉ ነው፣ አይነካም። ሌላውን በእጅዎ እየዳበሱ ሲከተሉት ላስቲክ የለበሰ ክብ ቆርቆሮ ወይም ትንሽ ሞተር ያለበት ሳጥን ላይ ያበቃል። እሱ ነው። ፎቶ ያንሱት።

ካቦውን የያዘው ብረት ላይ ሁለት ዳዶ አለ፤ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 12 ቁልፍ ይገባዋል። አንዱን ይዘው ሌላውን ያላሉ። የስሮትሉን መዘውር በእጅ ሲያዞሩት ካቦው ይረግባል፤ ያኔ ጫፉ ላይ ያለችውን ጉጥ በስንጥቁ በኩል ያውጧት። መዘውሩን ቀስ ብለው ይመልሱ፤ ሞላው ጣት ይቆነጥጣል።

ክሊፖቹን አላቀው በሳጥኑ በኩል ያለውን ጫፍም ይፍቱ። የአየር ቱቦ ካለው አይንቀሉት፤ ሞተሩ አየር ስቦ ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይዛባል።

እኔ አንዴ ሰንፌ በስሮትሉ በኩል ብቻ ፈታሁና ጫፉን በሽቦ አስሬ ተውኩት። ሸዋ ሮቢት ደርሼ ኮፈኑን ስከፍት ሽቦው ላልቶ፣ ካቦው ከቺንጋው ጣት በማይሞላ ርቀት ተንጠልጥሏል። ሙሉውን ያውጡት።

ባትሪው ሳይገጠም ፔዳሉን ደጋግመው እስከ መጨረሻው ረግጠው ይልቀቁ፤ ስሮትሉ በየጊዜው ጠቅ ብሎ መዘጋት አለበት። ከዘገየ መኪናው አይነሳ። ከተዘጋ ባትሪውን ገጥመው ሞተሩን ያስነሱና ሚኒሞውን ያዳምጡ። የመጀመሪያው ሙከራ በጫጫ በኩል ባለው ሜዳ ይሁን፤ በጣርማ በር የሚያሳልፍ ጉዳይ ካለዎትም ለነገ ይደር።