ሜዲካል ሬፕ ሆኖ መዝለቅ

በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች አንድ ሐኪም በሁለት ታካሚ መካከል ለሜዲካል ሬፕ፣ ማለትም የድርጅቱን መድኃኒት ለሐኪምና ለመድኃኒት ቤት ለሚያስተዋውቅ ሠራተኛ፣ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ለዚያች ደቂቃ ሬፑ አንድ ሰዓት ኮሪደር ላይ ይቆማል። ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

ለቅጥር የፋርማሲ ዲግሪ ያለው ይቀድማል፤ ነርስና ጤና መኮንን የሚቀበሉም አሉ። ቀጣሪዎቹ በአብዛኛው መድኃኒት አስመጪዎች ናቸው። ማስታወቂያ በሪፖርተር ጋዜጣና በኢትዮ ጆብስ ድረ ገጽ ይወጣል፤ እሱን ብቻ ግን አትጠብቁ። መድኃኒት ቤት የሚሠራ ወዳጅ ካላችሁ እነማን እንደሚያቀርቡለት ጠይቁት፤ በአንድ ቀን የ15 አስመጪ ስም ይሰበሰባል። ማመልከቻውን ራሳችሁ ወስዳችሁ ለሽያጭ ኃላፊው ስጡ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውሉ፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ታዩ። ሬፕ በድንገት ሲለቅ ቶሎ ሰው ይፈለጋል፤ ያን ጊዜ የሚታወሰው በቅርብ የታየው ነው። መንጃ ፈቃድ ቀድማችሁ አውጡ። ለቃለ መጠይቁ ድርጅቱ ከሚያስመጣቸው አንዱን መድኃኒት ምረጡና ለማን እንደሚሰጥ፣ መጠኑን፣ ለማን እንደማይሰጥ በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ተለማመዱ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለመቃኘት ስጡት። የእያንዳንዱን ሐኪም ስም፣ የተመላላሽ ሕክምና ቀኑን፣ ማታ የሚሠራበትን የግል ክሊኒክ ደብተር ላይ አስፍሩ። ማታው ወሳኝ ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ግዥ በዋናነት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ስለሆነ የብራንድ ምርጫ የሚታየው የግሉ ዘንድ ነው። ማዘዣ ብዙ የሚጽፉትን ሐኪሞች በወር ሁለት ጊዜ፣ መካከለኞቹን አንድ ጊዜ፣ የቀሩትን በሁለት ወር አንዴ ጎብኙ። በቀን 8 ሐኪምና 4 መድኃኒት ቤት ለጀማሪ በቂ ነው።

መድኃኒት ቤቱን ከሐኪሙ አስቀድሙ። ሐኪሙ አምኗችሁ ጽፎ ታካሚው በሦስት መድኃኒት ቤት ዞሮ ቢያጣው፣ ማዘዣው ተመልሶ የሚመጣው ሐኪሙ ጋ ነው። ሁለተኛ አይጽፍላችሁም፤ እውነት አለው። ስለዚህ በክሊኒኩ ዙሪያ ያሉት መድኃኒት ቤቶች ስንት ፓኬት እንዳላቸውና ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ ሳታረጋግጡ ሐኪሙ ዘንድ አትግቡ።

ያንኑ ብሮሸር ይዞ ለአሥረኛ ጊዜ የሚመጣ ሬፕ ያሰለቻል። ከእያንዳንዱ ቪዚት አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ውጡ፣ መልሱን ይዛችሁ ተመለሱ። አሞክሲሲሊን-ክላቩላኒክ አሲድ የተባለውን አንቲባዮቲክ እንውሰድ። ባለ 625 ሚሊ ግራሙ ክኒን 500 አሞክሲሲሊንና 125 ክላቩላኒክ አሲድ መሆኑን ሐኪሙ ያውቃል፤ ይህን ስትነግሩት ደቂቃዋ አለቀች። የሕፃናት ሐኪሙ የሚጨነቀው ሌላ ነው፦ የሕፃናቱ ዱቄት ከተበጠበጠ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ የሚቆየው 7 ቀን ነው፤ ታዲያ ማቀዝቀዣ የሌላት እናት ምን ታድርግ? በግምት አትመልሱ። ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ክኒን መኖር አለመኖሩን ከድርጅታችሁ አጣሩና ሐሙስ እመለሳለሁ ካላችሁ ሐሙስ ተገኙ። መልሱ «የለም» ቢሆንም ሂዱና ንገሩት። በሚቀጥለው ጊዜ ኮሪደር ላይ የምትቆሙት ያጥራል።

በስጦታ የሚገዛ ማዘዣ ታካሚውን ይጎዳል፤ ዓለም አቀፉ የመድኃኒት አምራቾች ፌዴሬሽንም ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሐኪሞች የግል ስጦታን ከልክሏል። በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተመዘገበ ምርት እንድታስተዋውቁ ከተጠየቃችሁ እምቢ በሉ። ሐኪሙ ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ሲነግራችሁ ለመከራከር አትቸኩሉ፤ የባለሥልጣኑን ቢጫ የሪፖርት ቅጽ እንዲሞላ አበረታቱት፣ ለድርጅታችሁም የዚያኑ ቀን አሳውቁ።

ትልቁ ፈተና የውጭ ምንዛሪ አጥሮ መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ ይመጣል። ብዙ ሬፕ ያን ጊዜ ይደበቃል። እናንተ ክምችቱ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ለሐኪሞቹ ተናገሩ፣ በተለይ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ከሆነ፤ ታካሚው ሳያቋርጥ የሚቀየርበት ጊዜ ያስፈልገዋል። አዲሱ ዕቃ ከጉምሩክ ሳይወጣ የመድረሻ ቀን አትናገሩ። የሚሸጥ ባይኖራችሁም በቀጠሯችሁ ቀን ሂዱ።