ለቤት ሲኒማ የሚሆነውን ገመድ ስለ መምረጥ

ጎንደር ፒያሳ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ «ጥሩ ኤችዲኤምአይ ስጠኝ» የሚል ገዢ ብዙ ጊዜ በወርቅ የተለበጠውንና ዋጋው የናረውን ይዞ ይወጣል። እኔ ግን የምመክረው ከቤት ሳይወጡ የቴሌቪዥኑን፣ የዲሽ ሪሲቨሩንና የድምፅ ማጉያውን ጀርባ በስልክ ፎቶ እንዲያነሡ ነው፤ ገመዱን የሚወስኑት እነዚያ መሰኪያዎች ናቸውና።

ኤችዲኤምአይ ካለ ምስልንም ድምፅንም በአንድ ገመድ ስለሚያደርስ ምርጫው እርሱ ነው። ሻጮች ገመዱን «2.0» ወይም «2.1» እያሉ ቢጠሩትም ቁጥሩ የሚመለከተው መሣሪያውን ሲሆን፣ ገመድ የሚለየው በሚያሳልፈው የመረጃ መጠን ነው። በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፈው «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የፎርኬ (እጅግ ጥርት ያለ 4K) ምስልን በሰከንድ 60 ጊዜ ለማሳየት ይበቃል። 48 ጊጋቢት የሚያሳልፈው «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚያስፈልገው ፎርኬን በሰከንድ 120 ጊዜ ለሚያሳዩ የጌም መሣሪያዎች ስለሆነ፣ ዲሽ ብቻ ለሚመለከት ቤተሰብ ለእርሱ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው። ወርቁም መሰኪያውን ከዝገት ይከላከላል እንጂ ምስሉን አያጠራም፤ ዲጂታል ምልክት ሲደክም ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ነጠብጣብ ያወጣል እንጂ ቀስ በቀስ አይደበዝዝም።

ይልቅ ሊያስጨንቅ የሚገባው ርዝመቱ ነው፤ ተራ የመዳብ ገመድ በረዘመ ቁጥር ምልክቱ ስለሚዳከም፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ዞሮ የሚያልፈውን መንገድ አስቀድመው በሲባጎ ይለኩ። ከአሥር ሜትር በላይ ከሆነ በውስጡ የብርሃን ክር ያለውን ኤችዲኤምአይ ይግዙ፤ ይህ ገመድ አቅጣጫ ስላለው በጫፎቹ ላይ የተጻፈውን አንብበው ይሰኩት።

ከቴሌቪዥኑ ወደ ሳውንድባር (ከቴሌቪዥን ሥር ወደሚቀመጠው ረዘም ያለ ድምፅ ማጉያ) ድምፅ ለመመለስ ሁለቱም ላይ «ኤአርሲ» (ARC) የሚል ምልክት ያለበትን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ይጠቀሙ። «ኢኤአርሲ» (eARC) የሚለው ደግሞ ያልታመቀ ባለ ብዙ ቻናል ድምፅንም ያሳልፋል። ድምፅን ብቻ የሚያደርሰው ኦፕቲካል ገመድ ግን ከታመቀ የ5.1 (የአምስት ድምፅ ማጉያና የአንድ ቤዝ) ድምፅ የበለጠ ማሳለፍ አይችልም፤ ሆኖም በብርሃን ስለሚሠራ በኤሌክትሪክ መሬት (ኤርዝ) ችግር የሚመጣውን «እምም» የሚል ድምፅ አያስተላልፍም፤ አጥብቆ ማጠፍ ግን ክሩን ይሰብረዋል።

ቢጫ፣ ቀይና ነጭ መሰኪያ ብቻ ላለው አሮጌ ዕቃ ያንኑ ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ይጠቀሙ፤ ቢጫው ከመደበኛ ጥራት በላይ አያሳይም።

ከዲሹ ወደ ሪሲቨሩ ለሚመጣው መስመር 75 ኦም የሆነውን አርጂ 6 (RG6) የተባለውን የዲሽ ገመድ ይምረጡ፤ በክረምት ነጎድጓድ ሲቃረብም ከሶኬቱ ጋር ይህንንም ገመድ ይንቀሉ።